የገመድ ውጥረት፦ ከጂንካ ገበያ እስከ ሰባራ ድልድይ

የደቡብ ኦሞ ዞን ዋና ከተማ ሆና በቆየችው በጂንካ ትልቁ ገበያ የሚቆመው ቅዳሜ ነው። ከአሪ ደጋማ ቀበሌዎች ከሚወርደው እህልና ማር ጎን ከእንሰት ቃጫ የተሠራ ገመድም ይሸጣል። ቃጫ ማለት እንሰቱ ለቆጮ ሲፋቅ የሚቀረው ረጃጅም ክር ነው፤ ይደርቅና በእጅ ይገመዳል። «ገመድ» የሚለው ስም «ገመደ» ከሚለው ግስ ጋር የተዛመደ መሆኑን አንባቢ ልብ ይሏል፤ ቋንቋችን ዕቃውን የሰየመው ከአሠራሩ ተነሥቶ ነው።

ገመድ የሚገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ዕቃውን በሁለት እጁ ጨብጦ ሳብ ሳብ ካደረገው በኋላ «ይህ ስንት ኪሎ ይሸከማል?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ይሁን እንጂ የፊዚክስ መምህር በስፍራው ቢኖር ኖሮ ሊሰጥ የሚችለው ትክክለኛ መልስ «ገመዱን እንዴት ልታስረው አስበሃል?» የሚል ሌላ ጥያቄ ነበር። ገመዱም ሸክሙም ሳይለወጡ፣ አስተሳሰሩ ብቻ ሲለወጥ፣ ያው ገመድ አንድ ጊዜ በደህና ይሸከማል፤ ሌላ ጊዜ ይበጠሳል። በዚህ ጽሑፍ ይህ የሚሆንበትን ምክንያት እንመለከታለን።

ውጥረት ምንድን ነው?

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት «ቴንሽን» እያልን የምንማረው ኃይል በአማርኛ ውጥረት ይባላል። ገመድ መጎተት እንጂ መግፋት አይችልም፤ በገመድ በግ መሳብ እንጂ በግ መግፋት የሞከረ ሰው ይህንን ለመረዳት ቀመር አያስፈልገውም። አሁን የተወጠረን ገመድ መሐሉ ላይ በሐሳባችን እንቁረጠው። ከቁርጡ በስተግራ ያለው ክፍል በስተቀኝ ያለውን ይስባል፤ በስተቀኝ ያለውም በእኩል ኃይል በስተግራ ያለውን ይስባል። ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1687 ባሳተመው መጽሐፉ ካሰፈራቸው ሦስት የእንቅስቃሴ ሕጎች ሦስተኛው የሚለው ይህንኑ ነው። የሁለቱ ክፍሎች የእርስ በርስ መሳሳብ መጠኑ ውጥረት ይባላል።

ተማሪዎችን ዘወትር የሚያደናግር አንድ ጥያቄ አለ። በገመድ ጉተታ ጨዋታ ሁለት ልጆች እያንዳንዳቸው በ200 ኒውተን ኃይል በተቃራኒ አቅጣጫ ቢጎትቱና ገመዱ ባለበት ቢቆም፣ ውጥረቱ ስንት ነው? ብዙዎች 400 ይላሉ፤ «ኃይሎቹ ይጣፋሉ» ብለው ዜሮ የሚሉም አሉ። ትክክለኛው መልስ 200 ኒውተን ነው። ለማረጋገጥ ከሁለቱ አንዱን ልጅ እናሰናብትና ገመዱን ከግራር ግንድ ጋር እንሰረው። የቀረው ልጅ በ200 ኒውተን ሲጎትት ግንዱም በ200 ኒውተን ይመልስለታል። ለገመዱ በስተጀርባው ያለው ሰው ይሁን ዛፍ ልዩነት የለውም። ተሰናባቹ ልጅ ያደርግ የነበረው ዛፉ የሚያደርገውን ብቻ ነበር ማለት ነው።

ወደ ቃጫው እንመለስ። አንድ የቃጫ ክር ርዝመቱ ከገመዱ ርዝመት እጅግ ያንሳል፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚዘልቅ አንድም ክር የለም። ታዲያ ገመዱ ሲጎተት ክሮቹ ለምን ተንሸራተው አይለያዩም? ጋሊሊዮ እ.ኤ.አ. በ1638 በታተመው የመጨረሻ ታላቅ መጽሐፉ ይህንኑ ጥያቄ አንሥቶታል። ምስጢሩ ያለው ግመዳው ላይ ነው። የተጠማዘዙ ክሮች ሲጎተቱ አንዱ ሌላውን ወደ ውስጥ ይጨምቃል፤ በተጨመቁ መጠን በመካከላቸው ያለው ሰበቃ ይጨምራል፤ ሰበቃው በጨመረ መጠን መንሸራተት ይሳናቸዋል። ስለዚህ ገመዱ በተሳበ ቁጥር ራሱን አጥብቆ ይይዛል። ያልተገመደ ቃጫ ግን አንድ እፍኝ ሙሉ ቢሆንም በቀላሉ ተመዞ ይለያያል።

ቀፎው ዛፍ ላይ ሲወጣ

በደቡብ ኦሞ ቆላማ ስፍራዎች በሐመር፣ በበናና በጸማይ አካባቢ፣ ከግንድ ተቦርቡሮ ወይም ከቅርፊት ተጠቅልሎ የተሠራ ረጅም ቀፎ በግራር ዛፎች ላይ ይታያል። ለስሌት እንዲያመቸን ከነማሩ 30 ኪሎ ግራም የሚመዝን ቀፎ እንውሰድ፤ ክብደቱ 300 ኒውተን ያህል ነው። ቀፎውን በአንድ ገመድ ቀጥ አድርገን ብናንጠለጥለው የገመዱ ውጥረት 300 ኒውተን ይሆናል። በሁለት ጎን ለጎን በወረዱ ገመዶች ብናንጠለጥለው ደግሞ ለእያንዳንዳቸው 150 ኒውተን ይደርሳቸዋል። እስካሁን ያልጠበቅነው ነገር የለም።

አሁን ግን ሁለቱን ገመዶች ወደ ግራና ወደ ቀኝ እናራርቃቸውና ከሁለት የተለያዩ ቅርንጫፎች ጋር እንሰራቸው። ገመዶቹ ከአግድም መስመሩ ጋር የሚሠሩት ማዕዘን እየጠበበ ሲሄድ ምን ይሆናል? ቀፎውን ወደ ላይ የሚይዘው የእያንዳንዱ ገመድ ውጥረት ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የሚያመለክተው ድርሻ ብቻ ነው፤ ቀሪው ድርሻ ሁለቱ ገመዶች እርስ በርስ ሲጓተቱ ይባክናል። በቀመር ሲቀመጥ፣ ውጥረት = ክብደት ÷ (2 × የማዕዘኑ ሳይን) ይሆናል። ማዕዘኑ 30 ዲግሪ ሲሆን እያንዳንዱ ገመድ 300 ኒውተን ይሸከማል፤ ሁለት ገመድ ማሰራችን ከአንዱ አልተሻለም ማለት ነው። በ10 ዲግሪ 864 ኒውተን ይደርሳል። በ5 ዲግሪ ከ1700 ያልፋል። በ1 ዲግሪ 8600 ኒውተን ያህል ሲሆን፣ ይህም 860 ኪሎ ግራም የሚመዝን ዕቃ በገመዱ ላይ ቀጥ ብሎ እንደተንጠለጠለ ይቆጠራል። ቀፎው ግን ያው 30 ኪሎው ቀፎ ነው!

ከዚህ የምንረዳው ሌላም ነገር አለ። ማዕዘኑ ዜሮ ሲሆን ሳይኑም ዜሮ ስለሚሆን ውጥረቱ ወሰን የለሽ ይሆናል። ስለዚህ መሐሉ ላይ ሸክም ያለበትን ገመድ ፍጹም ቀጥ አድርጎ መወጠር የሚችል ኃይል በዓለም ላይ የለም። የልብስ ማስጫ ገመድ እርጥብ ጋቢ ሲሰጣበት መርገቡ የአጥባቂው ስንፍና አይደለም፤ ያለዚያ እርግብታ ገመዱ ጋቢውን ሊሸከመው አይችልም። በየመንገዱ ዳር ባሉ ምሰሶዎች መካከል የኤሌክትሪክ ሽቦዎች ረገብ ብለው የሚታዩትም በዚሁ ምክንያት ነው።

ቀፎውን ወደ ዛፉ የማውጣቱ ሥራ ደግሞ በመማሪያ መጻሕፍት ላይ የምናገኘውን አንድ ዐረፍተ ነገር ይፈትነዋል። መጻሕፍቱ «ገመዱ ክብደት የለሽ፣ በከራውም ሰበቃ የለሽ ከሆነ ውጥረቱ በሁለቱም ወገን እኩል ነው» ይላሉ። ተማሪው ከጊዜ በኋላ የሚያስታውሰው ግን የዐረፍተ ነገሩን ሁለተኛ ክፍል ብቻ ነው። ቀፎ የሚያወጣ ሰው በከራ የለውም፤ ገመዱን በቅርንጫፍ ላይ አሳልፎ ይስባል። በቅርንጫፉና በገመዱ መካከል ያለው ሰበቃ ውጥረቱን በሁለቱ ወገኖች እጅግ ያለያየዋል።

ልዩነቱ ምን ያህል እንደሆነ የሚያሳየው ቀመር በ18ኛው ክፍለ ዘመን በኖረው የሒሳብ ሊቅ በሌዎንሃርድ ኦይለር ስም ይጠራል። ቀመሩ እንደሚያሳየው ልዩነቱ ገመዱ በተጠመጠመ ቁጥር የሚደመር ሳይሆን የሚባዛ ነው። የሰበቃው ኮኤፊሸንት 0.3 ቢሆን፣ በቅርንጫፉ ላይ በግማሽ ዙር የሚያልፍ ገመድ በሁለቱ ወገን ያለው ውጥረት እስከ 2.57 እጥፍ ሊለያይ ይችላል። እንግዲህ 300 ኒውተን የሚመዝነውን ቀፎ ወደ ላይ ለማንቀሳቀስ መሳቢያው ወገን 770 ኒውተን ያስፈልገዋል። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው በገመዱ ላይ ቢንጠለጠል እንኳ የሚያገኘው 600 ኒውተን ብቻ ስለሆነ ብቻውን ከመሬት አያነሣውም። በሌላ በኩል፣ ቀፎው አንዴ ከወጣ በኋላ ባለበት ለመያዝ 117 ኒውተን ይበቃል። ሰበቃ ሲስቡ ጠላት፣ ሲይዙ ወዳጅ ነው። ገመዱን አንድ ሙሉ ዙር ጨምረን በቅርንጫፉ ላይ ብንጠመጥመው ደግሞ ለመያዝ የሚያስፈልገው ኃይል ወደ 18 ኒውተን ይወርዳል፤ ይህ ሁለት ሊትር ውኃ የማይሞላ ክብደት ስለሆነ ሕፃን ልጅም ይይዘዋል። ሌላ አንድ ዙር ሲጨመር 3 ኒውተን እንኳ አይሞላም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን እናክል። እስካሁን የተናገርነው ሁሉ ቀፎው ሳይርበተበት በዝግታ ሲንቀሳቀስ ወይም ቆሞ ሳለ ነው። ገመዱ ከእጅ አምልጦ ቀፎው አንድ ሜትር ያህል ወደ ታች ቢወርድና ገመዱ በ10 ሳንቲሜትር ርቀት ውስጥ ቢያቆመው፣ አማካይ ውጥረቱ የክብደቱ 11 እጥፍ ማለትም 3300 ኒውተን ይሆናል። ቆሞ ያለ ሸክም ያልበጠሰውን ገመድ ድንገተኛ ንጥቂያ የሚበጥሰው ስለዚህ ነው።

በዋልካ የተያዘ መኪና

ከጂንካ ወደ ማጎ ብሔራዊ ፓርክ የሚወርድ መንገደኛ በዝናብ ወቅት የሚፈራው አውሬውን ሳይሆን ጥቁሩን የዋልካ አፈር ነው። መኪና በጭቃ ሲያዝ የተለመደው ዘዴ ሰው ተሰብስቦ በገመድ መጎተት ነው። ሆኖም ረዳት በሌለበት፣ ከላይ ያየነው ቀመር ጠላት ከመሆን ይልቅ ወዳጅ ሊሆን ይችላል።

መኪናው በ20 ሜትር ርቀት ላይ ካለ ጠንካራ ዛፍ ጋር በደንብ በተወጠረ ገመድ ይታሰር። አሁን ገመዱን በመኪናው አቅጣጫ ከመጎተት ይልቅ መሐሉን ይዘን ወደ ጎን እንሳበው። በ400 ኒውተን ኃይል ስበን መሐሉን ግማሽ ሜትር ወደ ጎን ብናወጣው የገመዱ ውጥረት 4000 ኒውተን ያህል ይሆናል። የአንድ ሰው ጉልበት የአሥር ሰው ሆነ ማለት ነው። ተፈጥሮ ግን በነጻ አትሰጥም። መሐሉ 50 ሳንቲሜትር ሲንቀሳቀስ መኪናው የሚራመደው 2.5 ሳንቲሜትር ብቻ ነው። መሐሉ አንድ ሜትር ከወጣ በኋላ ጥቅሙ ወደ አምስት እጥፍ ስለሚወርድ ገመዱን እንደገና አጥብቆ ማሰርና ከመጀመሪያው መነሣት ያስፈልጋል። ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ነው።

እዚህ ላይ ዘመናዊው የናይለን ገመድ ለዚህ ዘዴ የማይመች መሆኑን ሳንጠቅስ ማለፍ አይገባንም። ናይለን እጅግ ስለሚለጠጥ ያቺን 2.5 ሳንቲሜትር ራሱ ይውጣታል፤ መኪናውም ባለበት ይቀራል። አነስተኛ ልጠት ያለው ገመድ፣ ለምሳሌ የብረት ገመድ፣ ይሻላል። የሚለጠጥ ገመድ ሌላም አደጋ አለው። በ4000 ኒውተን ተወጥሮ አንድ ሜትር የተለጠጠ ገመድ 2000 ጁል ያህል ጉልበት ያከማቻል። ይህም 20 ኪሎ ግራም ድንጋይ ከ10 ሜትር ከፍታ ሲወድቅ ከሚኖረው ጉልበት ጋር እኩል ነው። ገመዱ በተበጠሰ ቅጽበት ይህ ሁሉ ጉልበት ወደ ሚወናጨፈው ጫፍ ይሄዳል። ስለዚህ መኪና ሲጎተት በገመዱ መስመር ላይ ቆሞ መመልከት ፈጽሞ አይገባም፤ በተለይ ሕፃናትን ማራቅ ያስፈልጋል።

በሰው ሕይወት ላይ የተወጠረ ገመድ

የደሰነች ሕዝብ የኦሞን ወንዝ በኦሞራቴ ሲሻገር የኖረው ከግንድ በተቦረቦረ ታንኳ ነው። ወንዙ እዚያ ሰፊና ሜዳማ ስለሆነ ገመድ ለመሻገሪያነት አይመችም። ገመድ ሰውን በወንዝ ላይ ሲያሻግር ለማየት ወደ ሰሜን፣ ጥልቅ ሸለቆ ወዳለው ወደ ዓባይ መሄድ አለብን።

በጎጃምና በበጌምድር መካከል በዓባይ ላይ በ17ኛው ክፍለ ዘመን፣ በዘመነ ጎንደር፣ ከድንጋይ የተሠራ ድልድይ ነበር። በጣሊያን ወረራ ጊዜ መሐሉ ተሰበረ፤ ከዚያም ወዲህ ስሙ «ሰባራ ድልድይ» ሆነ። ከዚያ በኋላ ለበርካታ አሥርት ዓመታት ገበያተኛውና መንገደኛው የተሰበረውን ክፍተት በገመድ ይሻገር ነበር። በዚህም ወገን በዚያም ወገን አሥር አሥር ያህል ወንዶች ገመዱን ይዘው፣ ተሻጋሪው በገመዱ ላይ ሆኖ ከወንዙ በላይ ይጎተት ነበር።

ከሁለቱም ወገን ይህን ያህል ሰው ለምን አስፈለገ? አንድ ሰው 60 ኪሎ ቢመዝን ሁለት ብርቱ ወንዶች ይሸከሙታል እኮ! መልሱን አሁን እናውቀዋለን። ተሻጋሪው ክፍተቱ መሐል ሲደርስ ገመዱ ከአግድም በ10 ዲግሪ ቢረግብ ውጥረቱ 1728 ኒውተን ይሆናል። ሰዎቹ አዝነውለት ገመዱን አጥብቀው እርግብታውን ወደ 5 ዲግሪ ቢያወርዱት ውጥረቱ ወደ 3440 ኒውተን ያድጋል። አንድ ሰው ሳይደክም ለጥቂት ጊዜ 300 ኒውተን ይዞ መቆየት ይችላል ብንል፣ በመጀመሪያው ሁኔታ በአንድ ወገን ስድስት፣ በሁለተኛው አሥራ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። የሁለቱ ወገኖች ኃይል እንደማይደመር ደግሞ በገመድ ጉተታው ምሳሌ አይተናል፤ ማዶ ያሉት አሥር ሰዎች እዚህ ያሉትን አሥር አያግዟቸውም፤ ለእነሱ እንደ ዛፉ ናቸው። ከአንዱ ወገን ጥቂቶቹ እጃቸው ቢላላ የተሻጋሪው ዕጣ በቀሩት ላይ ይወድቃል። እኛ እንደምናስበው እነዚያ ሰዎች ሳይን የሚባለውን ቃል ሳይሰሙ ገመዱን ከሚገባው በላይ ማጥበቅ ምን እንደሚያስከትል ከእጃቸው መዳፍ ተምረውት ነበር።

የዚህ አሻጋገር ፎቶግራፍ በናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ወጣ። ፎቶግራፉን የተመለከተው አሜሪካዊው ኬን ፍራንዝ እ.ኤ.አ. በ2001 የገጠር የእግረኛ ድልድዮችን የሚሠራ ድርጅት አቋቋመ፤ በ2002ም የሰባራ ድልድይ ክፍተት ተደፈነ። እ.ኤ.አ. በ2005 ግን ጎርፍ ጥገናውን ወሰደው። ከዚያ በኋላ በአካባቢው የተሠራው ድልድይ ከጎርፉ በላይ በብረት ገመዶች የተንጠለጠለ ነው። ስለዚህ ተሻጋሪው ዛሬም በገመድ ይሻገራል፤ ልዩነቱ ገመዱን የሚይዘው የሰው እጅ ሳይሆን በሁለቱ ገደሎች ላይ የተተከለ መሠረት መሆኑ ነው።

እንዲህ ባለ ድልድይ ላይ ሸክሙ በአንድ ነጥብ ሳይሆን በርዝመቱ ሁሉ ስለሚከፋፈል ቀመሩ በጥቂቱ ይለወጣል። በመሐል ያለው ውጥረት በአንድ ሜትር ላይ ያለው ሸክም በድልድዩ ርዝመት ካሬ ተባዝቶ፣ ለእርግብታው ስምንት እጥፍ ሲካፈል ይገኛል። ለምሳሌ 100 ሜትር ርዝመት ባለውና በእያንዳንዱ ሜትር 2000 ኒውተን በሚሸከም ድልድይ ላይ ገመዶቹ 2 ሜትር ብቻ እንዲረግቡ ቢደረግ በጠቅላላው 1,250,000 ኒውተን ይወጠራሉ። እርግብታው ወደ 5 ሜትር ከፍ ቢል ውጥረቱ ወደ 500,000 ይወርዳል። ድልድዩ ይበልጥ ቀጥ ያለና ያማረ እንዲሆን የሚጠይቅ ሰው በገመዱና በመሠረቱ ላይ ምን እየጨመረ እንደሆነ ሊያውቀው ይገባል።

ይህንን በጂንካም ሆነ በሌላ ስፍራ የሚገኝ ማንኛውም ተማሪ በራሱ ሊሞክረው ይችላል። ከትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ እስከ 50 ኒውተን የሚለኩ ሁለት የጸደይ ሚዛኖች መዋስ፣ አንድ ሜትር ጠንካራ ሲባጎና አንድ ሊትር ውኃ የተሞላ ጠርሙስ ማዘጋጀት ይበቃል። ጠርሙሱ በሲባጎው መሐል ይታሰር፤ ሚዛኖቹ በሁለቱ ጫፎች ይያያዙ፤ ሁለት ተማሪዎችም በዝግታ ይራራቁ። ሲባጎዎቹ ጎን ለጎን ሲሆኑ እያንዳንዱ ሚዛን 5 ኒውተን ያህል ያነብባል፤ ጠርሙሱ የሲባጎውን ሁለት ጫፎች ከሚያገናኘው መስመር በታች 25 ሳንቲሜትር ላይ ሲደርስ 10 ይሆናል። 5 ሳንቲሜትር ሲቀር ሚዛኖቹ የመጨረሻውን 50 ይነካሉ። ከዚያ በኋላ ያለችው 5 ሳንቲሜትር በማንም ጉልበት አትዘጋም።